ጋዝ ጠቋሚውን ማን ገደለው

አዲስ አበባ ሳለሁ ሊስትሮ ፊት ሳልቆም ሥራ ገብቼ አላውቅም። ሮም ስመጣ በየማዕዘኑ ሐውልት እንጂ ሊስትሮ አጣሁ። ፈልጌ ፈልጌ በመጨረሻ አንድ የጫማ ሱቅ ውስጥ በክብ ቆርቆሮ የታሸገ ስፖንጅ አገኘሁ፤ አንዴ ጠረግ ሲያደርጉበት ጫማው ፊት ያሳያል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስፖንጁ ከመሣሪያ ቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም። የሰው በር ከማንኳኳቴ በፊት ደረጃው ላይ ጎንበስ ብዬ ግራውን ጠረግ፣ ቀኙን ጠረግ፣ ከዚያ ደወል። ጥቁር ሰው መሣሪያ ተሸክሞ በር ላይ ሲቆም ሲኞራዎቹ መጀመሪያ የሚያዩት ጫማውን ነው ብዬ አምን ነበር። እውነቱን ለመናገር የሚያዩት ሰዓታቸውን ነበር፤ ሁልጊዜ አረፍዳለሁና።

ሮም የመጣሁት የምሠራበት ፋብሪካ ለአንድ ዓመት የቴክኒክ ትምህርት ልኮኝ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ተመለስ የሚል ደብዳቤ መጣ፤ እኔም ደብዳቤው እንዳልደረሰው ሰው ሆንኩ። ፋብሪካው ውስጥ ሰኞ ሰኞ ውይይት ነበረን፤ ዘመኑ የደርግ ነውና ሂስና ግለ ሂስ እናደርጋለን። በሂስ የሚደርስብኝ አልነበረም። የባልደረባዬን ጥፋት እሱ ራሱ የማያውቀውን ሳይቀር ዘርዝሬ እጨርሳለሁ፤ ግለ ሂስ ላይ ስንደርስ ግን ሁልጊዜ ሰዓት ያልቅብኝ ነበር። ከአገሬ ስወጣ ሻንጣዬ ውስጥ ብዙ ነገር አልነበረም፤ ይቺ ችሎታ ግን አብራኝ መጥታለች።

ሥራ ያገኘሁት ከፒያሳ ቪቶሪዮ ጀርባ ጠባብ ወርክሾፕ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ዘንድ ነው። ሥራችን የጋዝ ጠቋሚዎችን መንከባከብ ነበር፤ በፔንሲዮኔዎች፣ ማለት በትንንሽ የእንግዳ ማረፊያዎች፣ ወጥ ቤት፣ በገዳማት የማሞቂያ ክፍል፣ በዳቦ ቤቶች ጣሪያ ሥር የሚሰቀሉ፣ ጋዝ ሲያፈተልክ የሚጮኹ ሳጥኖች ናቸው። ሽማግሌው ሁለት ሠራተኛ ነበራቸው፤ እኔና አንድ የሮም ተወላጅ ጎልማሳ። የሮማዊው ጫማ ጭቃ፣ ሸሚዙ ዘይት ነው። ምሳውን የሚበላው መሣሪያው ላይ ተቀምጦ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ሰው ቤት ይገባል እያልኩ በየቀኑ እገረምበት ነበር።

የጋዝ ጠቋሚ ነፍሱ ሴንሰሩ ነው። በተበሳሳ ብረት ቆብ ውስጥ፣ በቀጭን ሽቦ ላይ የተቀመጠች፣ ከጤፍ ትንሽ ከፍ የምትል ዶቃ አለች፤ ሁልጊዜ የጋለች ናት። ጋዝ ሲደርሳት ላይዋ ላይ ይነድና ይበልጥ ትግላለች፤ መሣሪያው ያንን ለክቶ ደወሉን ያስጮኻል። ይህቺ ዶቃ ሽታ ቢበዛ፣ ቤቱ ቢጨስ ብዙም አይገዳትም። የሚገድላት ሲሊኮን ነው። የዕቃ መወልወያ ስፕሬይ በሉት፣ የፀጉር ስፕሬይ በሉት፣ የመስኮት ማስቲሽ በሉት፣ ሲሊኮን ያለበት ነገር እንፋሎቱ ከደረሰባት ላይዋ ላይ እየተቃጠለ ይጋገርባታል። ከዚያ በኋላ ጋዝ ቢመጣም አይሰማትም። ክፋቱ፣ ስትሞት ምንም አትልም። አረንጓዴው መብራት እንደበራ፣ መርፌው ዜሮ ላይ እንደቆመ፣ ሳጥኑ ጤነኛ መስሎ ይቀመጣል።

ስለዚህ ሽማግሌው ሕግ ነበራቸው። ጠቋሚ በላይተር አይሞከርም። ቤት ሲቀባ ወይም ሲወለወል ሴንሰሩ ላይ የላስቲክ ክዳኑ ይደረጋል፣ ሥራው ሲያልቅ ይነሣል። በየሦስት ወሩ ሴንሰሩ ላይ የጎማ ቆብ ይገጠምና ከትንሿ ሲሊንደር የተመጠነ ጋዝ ይለቀቅበታል፤ መርፌው ቀዩን መስመር መንካት አለበት። ካልነካ ሴንሰሩ ይለወጣል፣ ምክንያቱም ቅጹ ላይ ይጻፋል። ከሥራው ሁሉ እኔን ደስ የሚለኝ ያ "ምክንያት" የሚለው መስመር ነበር።

ሽማግሌው የሐበሻ ሠራተኛ ያለበትን ቤት ሁሉ ለኔ ሰጡኝ፤ በቋንቋችሁ ተግባቡ ብለው። ከጊዜ በኋላ ግን አንድ ነገር ታየ። ሮማዊው የሚሄድባቸው ቤቶች ሴንሰር ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይቆያል፤ እኔ የምሄድባቸው ቤቶች ሴንሰር በሦስት ወሩ ይሞታል። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ የአንተ ቤቶች ጉዳቸው ምንድን ነው አሉኝ። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። የኔ ቤቶች ውስጥ የሚሠሩት የኛ ሴቶች ናቸው፤ የኛ ሴቶች ደግሞ ካልወለወሉ አይሆንላቸውም። እጃቸው ስፕሬይ ከገባ በሩን፣ ስልኩን፣ የስልኩን ገመድ፣ ጋዝ ጠቋሚውን ሳይቀር ይነፉበታል አልኳቸው። ሽማግሌው አመኑኝ። ሰው የገዛ አገሩን ሰዎች ሲከስ ማስረጃ የሚጠይቀው የለም።

ከእነዚህ ቤቶች አንዱ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አጠገብ ያለ ፔንሲዮኔ ነው። የቤቱ ባለቤት ባሏ የሞተባት ሲኞራ ናት፤ ቤቱን ቀጥ አድርገው የያዙት ግን አንዲት የኛ ሴት ነበሩ። አርባን የተሻገሩ፣ አጠር ያሉ፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። የሚተኙት ከወጥ ቤቱ ኋላ፣ ቀድሞ የድንች ማስቀመጫ በነበረች ክፍል ነው። ጋዝ ጠቋሚውም የተሰቀለው ከዚያች ክፍል በር በላይ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ጋዝ ቢያፈተልክ መጀመሪያ የሚጮኸው ለእሳቸው ነው ማለት ነው። አዲስ አበባ እህታቸው ዘንድ የተዉአት ልጅ ነበረቻቸው። እሷን ለማስመጣት ሦስት ዓመት ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ከርመዋል። ነገሩ አጭር ነው፤ ሲኞራዋ እኔ ዘንድ ትሠራለች ብላ ካልፈረመች ፔርሜሶአቸው፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ አይታደስም፣ ፔርሜሶአቸው ካልታደሰ የልጅቷ ወረቀት ይሰረዛል።

መጀመሪያ ሴንሰሩን ሞቶ ያገኘሁት ቀን መሰላል ላይ ሆኜ ቁልቁል አየኋቸው።

"እትዬ፣ ይህን ሳጥን በምንድን ነው የሚያጸዱት?"

"በዚያ በሚነፋው ነዋ። ሲኞራ አቧራ አትወድም።"

ጠርሙሱን አስመጣሁ። ወረቀቱ ላይ ሲሊኮን የሚል ተጽፎበታል። ከመሰላሉ ወርጄ ንግግር አደረግሁላቸው፤ ስለ ዶቃዋ፣ ስለ እንፋሎቱ፣ ስለ ኃላፊነት። ቃሉን በጣቴ እያሳየሁ፣ ይህ የተጻፈበት ነገር ሁለተኛ እዚህ ወጥ ቤት አይግባ አልኳቸው። ጣሊያንኛን የተማሩት በጆሮ ነው እንጂ በዓይን አይደለም፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ትክ ብለው አዩዋቸው።

"እሺ ልጄ። እግዜር ይስጥህ፣ ሳላውቅ ነው" አሉ።

እኔ "ምክንያት" የሚለው መስመር ላይ "የሠራተኛዋ ግዴለሽነት" ብዬ በደህና ጣሊያንኛ ጻፍኩ። አፌ እርስዎ እያለ ያከብራል፣ እስክሪብቶዬ ይከሳል። ሲኞራዋ አንብባ ፈረመች፤ ሁለተኛ ከተበላሸ ሌላ ሠራተኛ እፈልጋለሁ አለች።

ነገሩ ቅጽ ላይ ቢቀር መልካም ነበር። ሐሙስ ከሰዓት የቤት ሠራተኞች ዕረፍት ስለሆነ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ያለው ካፌያችን ይሞላል። በአንደኛው ጠረጴዛ ደርግን ነገ የሚጥሉ፣ በሌላው ከነገ ወዲያ የሚጥሉ ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ። ሁለቱንም ጠረጴዛ አንድ ላይ ማሣቅ የሚችል ሰው ክብር ነበረው፤ እኔም ክብር እወዳለሁ። በዚያ ሐሙስ ተነሥቼ የሴትዮዋን ነገር በተውኔት አቀረብኩት። ስፕሬዩን፣ ጎንበስ ቀናውን፣ ሳጥኑን እንደ ሕፃን ፊት ማባበሉን። ትንሽም ጨመርኩበት፤ የሲኞራዋን ድመት ሳይቀር ወልውለዋታል አልኩ። ካፌው በሣቅ ፈረሰ። ማንነታቸውን አልተናገርኩም፣ ጨዋ ነኝና። ግን ሮም ላይ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ፔንሲዮኔ ውስጥ የምትሠራ ሐበሻ ስንት ናት? በሚቀጥለው ሐሙስ ገና በሩን ሲያልፉ አንዱ "ባለስፕሬይዋ መጣች" አለ። በዚያው ቀረ። እሳቸውም ጥግ ይዘው ሻያቸውን እያማሰሉ ፈገግ ይላሉ፤ እኔ ፈገግታቸውን አይቼ ቀልዱን ወደዱት ብዬ አሰብኩ።

በእነዚያ ሦስት ወሮች ያደረጉትን የሰማሁት በኋላ ነው። ስፕሬዩን ጥለው በውኃና በኮምጣጤ ብቻ ማጽዳት ጀመሩ። ሲኞራዋ ቁም ሣጥኔ ደበዘዘ ብላ ስትነጫነጭ ዝም አሉ። የፀጉር ቅባታቸውን ሳይቀር ተዉት። ከጠርሙሱ ወረቀት ላይ ያን ቃል በመቀስ ቆርጠው የወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን በር ውስጥ ለጠፉት፤ ሳሙናም ሆነ ሌላ አዲስ ነገር ቤት በገባ ቁጥር ከሱ ጋር አስተያይተው ነው ቦታ የሚሰጡት። ከኔ ንግግር ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ወስደው ነበር፤ እሱን ግን እኔ ከያዝኩት የበለጠ ይዘውታል።

ጊዜው ደርሶ ተመለስኩ። ደረጃው ላይ ጫማዬን ጠረግሁ፣ ደወልኩ፣ መሰላል ላይ ወጣሁ። የጎማውን ቆብ ገጠምኩ፣ ጋዙን ለቀቅሁ። መርፌው ተነሣ፣ ግማሽ መንገድ ሄደና ቆመ።

"እትዬ፣ ዋሽተውኛል።"

"ማርያምን አልነካሁትም።"

"እኔ እዋሽ ይሆናል፣ መርፌ ግን አይዋሽም።"

ሲኞራዋን ጠራኋት። መጣች፣ መርፌውን አየች፣ "አሎራ" አለች፤ እንግዲህ ማለቷ ነው። ከዚያ ረጋ ባለ ድምፅ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቦታ ፈልጊ ብላ ወደ ሳሎኗ ተመለሰች። ሴትዮዋ አላለቀሱም፣ አልተከራከሩም። ወንበር ስበው ተቀመጡና የእጅ ፎጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ማጣጠፍ ጀመሩ።

"ለልጄ ምን ብዬ ልጻፍላት?" አሉ። የጠየቁት እኔን አልነበረም።

አላዘንኩም አልልም። ግን ትክክል ነኝ ብሎ የሚያምን ሰው ሐዘን ብዙ አይቆይም። አዲሱን ሴንሰር ከቦርሳዬ አውጥቼ ገጠምኩ፣ መሰላሉን አጠፍኩ። ሲታጠፍ ከጣሪያው የተላጠ ኖራ ጫማዬ ላይ አረፈ። ጎንበስ ብዬ ስፖንጄን አወጣሁ።

የሴትዮዋ እጅ ፎጣው ላይ ቆመ።

"እሱ ምንድን ነው?"

"የጫማ ነው።"

"እስቲ ክዳኑን አምጣው።"

ሰጠኋቸው። ተነሥተው የቁም ሣጥኑን በር ከፈቱና ክዳኑን ከተለጠፈው ወረቀት አጠገብ አደረጉት። በጣታቸው ፊደል በፊደል ሄዱበት፤ አንዴ ወረቀቱ ላይ፣ አንዴ ክዳኑ ላይ። አልቸኮሉም። ጨርሰው ወደኔ ዞሩ።

"አንብብልኝ፤ እኔ ማንበብ አልችልም።"

ሲሊኮን ይላል። አነበብኩላቸው።

"ይሄ ከየት ነው ያወጣኸው?"

"ከቦርሳዬ።"

"አሁን የሰቀልከውስ ዕቃ ከየት ነው የወጣው?"

"ከቦርሳዬ።"

"ያ የምትደፋበት ጎማስ?"

ከዚያ ያደረግሁትን ስጽፍ ዛሬም ያሳፍረኛል። "ይሄ የጫማ ነው፣ ሌላ ነገር ነው፤ እርስዎ አይገባዎትም" አልኳቸውና ክዳኑን ከእጃቸው ተቀብዬ ወጣሁ።

ወርክሾፑ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ሽማግሌውም ሮማዊውም ለሥራ ወጥተዋል፤ ማንም የለም። ሁለት አዲስ ሴንሰር ከካርቶን አውጥቼ መሞከሪያው ሰሌዳ ላይ ሰካሁ። አንዱን ሮማዊው ትቶት በሄደው ትርፍ ጎማ ሞከርኩት፣ ሌላውን ከስፖንጁ ጋር በአንድ ቦርሳ ሲኖር በከረመው በኔ ጎማ። የመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ቀዩን መስመር ነኩ። ደስ አለኝ። ሥራ ስጨርስ እየመጣሁ ደጋገምኩት። የሮማዊው ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም። የኔው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየወረደ በአራተኛው ቀን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ ያው ፔንሲዮኔው ውስጥ ያየሁት ቦታ ላይ።

ያን ጊዜ ማወቅ ያለብኝን ሁሉ አውቄአለሁ። ሆኖም አንድ ሙሉ ሳምንት ደግሞ ሌላ ጥፋተኛ ስፈልግ አሳለፍኩ። ሲሊንደሩን ጠረጠርኩ። ሴንሰሩን የሠራውን ፋብሪካ ጠረጠርኩ። ሮማዊው ጎማዬ ላይ አንድ ነገር አድርጎበት ይሆን ብዬም አሰብኩ። ወሩ እያለቀ ነው፤ ሴትዮዋ ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር አውጥተው አቧራውን አራግፈዋል አሉኝ፣ ከእሳቸው ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሴቶች። እኔ ግን ገና ጎማዬን እየጠረጠርኩ እንጂ ራሴን እየጠረጠርኩ አልነበረም። ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ሁለቱን ሴንሰሮች ይዤ ሽማግሌው ፊት ቆምኩ።

ሽማግሌው ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። ስፖንጁን አንሥተው አሸተቱት፣ ጎማውን አሸተቱት፤ ጎማው የስፖንጁን እንፋሎት ሲጠጣ ከርሟል አሉ። ከዚያ ሮማዊውን ጠርተው፣ ጫማህን አሳየው አሉት። እሱም ጭቃ የለበሰውን ጫማውን ወንበር ላይ አስቀምጦ አሳየኝ።

"ይህ ጫማ በዚህ ከተማ አንድም ሴንሰር ገድሎ አያውቅም" አሉ ሽማግሌው።

ቅጾቹን ራሴ ይዤ በየቤቱ እንድዞር፣ "ምክንያት" የሚለውንም በራሴ እጅ እንዳስተካክል አዘዙ። ፔንሲዮኔው መጀመሪያ ነበር። ለሲኞራዋ ሴትዮዋ ባሉበት ነገርኳት፤ ቅጹ ላይም "የቴክኒሽያኑ ጥፋት" ብዬ ጻፍኩ። እስክሪብቶዬ እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም። ሲኞራዋ ቅጹን አነበበች፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ ጫማዬ አወረደች። ያን ሁሉ ጊዜ ስመላለስ ጫማዬን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። "ቫ ቤኔ" አለች፤ ይሁን ማለቷ ነው። ለሴትዮዋ ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣትም፤ እንግዲያው ቁም ሣጥኑን በሰም ወልውዪው አለቻቸውና ገባች። ሥራቸው ግን ተረፈ።

ሴትዮዋ በሩ ድረስ ሸኙኝ።

"ለእነሱ ነገርክልኝ። እግዜር ይስጥህ።" የበሩን እጀታ ይዘው "ለኛዎቹስ?" አሉ።

"እነግራለሁ፣ እትዬ።"

ሐሙስ መጣ። ሌላ ሐሙስ መጣ። ካፌው ውስጥ ባለስፕሬይዋ እያሉ ይጠሯቸዋል፣ እሳቸው ሻያቸውን ያማስላሉ፣ እኔ ስለ ፖለቲካ አወራለሁ። ዛሬ ሰው በዝቷል እላለሁ፣ ዛሬ ሰው አንሷል እላለሁ። እንደ ልማዴ ሰዓት ያልቅብኛል። አንዳንዴ ዓይን ለዓይን ስንጋጠም ቀድሜ የምሰብረው እኔ ነኝ።

ልጅቷ የመጣችው በዓመቱ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ቀጠን ያለች፣ ሁሉን ነገር የምትጠይቅ ልጅ። በመጣች በመጀመሪያው ሐሙስ እናቷ ካፌ ይዘዋት ገቡ። እንዲያ ደስ ብሏቸው ሳያቸው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው፤ ትከሻዋን ይዘው በየጠረጴዛው ያስተዋውቋታል። ሁሉም እየተነሣ ሳማት።

"የባለስፕሬይዋ ልጅ፣ ቁርጥ እናቷን ናት እኮ" አለ ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንዱ፤ በፍቅር ነው ያለው፣ ክፋት አልነበረበትም።

"እማዬ፣ ምን እያለሽ ነው?" አለች ልጅቷ።

እናቷ ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

"እሱን ጠይቂው። እሱ ያውቀዋል።"

ካፌው ውስጥ ያለ ሁሉ የሚያሥቅ ነገር ሊሰማ ወንበሩን አስተካከለ። ድመቷን እንዳትረሳት አለኝ አንዱ። ተነሣሁ። ለልጅቷ ድመቷን ሳልጨምር ነገርኳት፤ ስፖንጁን፣ ቦርሳውን፣ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመውን መርፌ፣ ቁም ሣጥኑ በር ላይ የተለጠፈውን ቃል። በኔ ጫማ የተነሣ እናቷ ከሞተ መሣሪያ ሥር ስንት ወር እንደተኙ ነገርኳት። ወረቀቷ ሊሰረዝ አምስት ቀን ሲቀረው አፌን እንደከፈትኩ፣ "አይገባዎትም" ማለቴንም ሳይቀር።

ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ወደ እናቷ ጠጋ ብላ፣ ከአዲስ አበባ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነውና፣

"ግለ ሂስ ነው?" አለቻቸው።

"አዎ። ዓመት ፈጀበት" አሉ እናቷ፤ ሻይ አዘዙላት።

የሣቀ ሰው አልነበረም። አንዱ ሰዓቱን አየ፣ ሌላው ወደ ጋዜጣው ተመለሰ፣ ደርግን ነገ የሚጥሉት ከነገ ወዲያ ከሚጥሉት ጋር ካቋረጡበት ቀጠሉ። ስፖንጁን ያን ጊዜ ከጣልኩት ቆይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት የገባሁት አቧራ በለበሰ ጫማ ነው፣ አንድም ሲኞራ ምንም ያለኝ የለም። ሴትዮዋ ግን በሚቀጥለው ሐሙስም፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሐሙሶች ሁሉም ባለስፕሬይዋ ነበሩ። ልጃቸውም የባለስፕሬይዋ ልጅ እንደተባለች አድጋ እዚያው ሮም ተዳረች፤ ሠርጓ ላይ ነበርኩ። እኔን እስከ ዛሬ ባለስፖንጁ ብሎ የጠራኝ አንድ ሰው የለም።